የዳቦ ታክስ ባላንጣ

ገንዘብ ተቀባይ ሆኖ የሠራ ሰው ሁሉ አንድ ደረሰኝ አንባቢ ያውቃል። ሌላው ደንበኛ ደረሰኙን ጨምድዶ ኪሱ ከትቶ ይሄዳል። ደረሰኝ አንባቢ ግን መነጽሩን ያወጣል፣ በሸሚዙ ጫፍ ያጸዳል፣ ዓይኑ ላይ ያደርጋል፤ ከዚያ እዚያው እንደቆመ ከላይ እስከ ታች ያነባል። ከኋላው የተሰለፈው ሕዝብ አይታየውም።

የእኔው ክቡር አቶ ደልማር ክሮትስ ይባላሉ። የባቡር ሐዲድ ጡረተኛ ናቸው። ግማሹ ሰው ሥጋ ፋብሪካ ውስጥ በሚሠራባት በዚህች የምዕራብ ካንሳስ ከተማ፣ ሱፐርማርኬታችን ከመጡ እኔ ጋ ካልሆነ አይሰለፉም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ! በየቀኑ ይመጣሉ፣ በየቀኑ አንድ ነገር ብቻ ይገዛሉ። አንድ ዳቦ። አንድ ሙዝ። አንድ ጊዜ አንዲት ነጭ ሽንኩርት።

"ዳቦ ላይ፣ ዋንዳ! ዳቦ ላይ!" ይላሉ ደረሰኙን እያርገበገቡ። "ስድስት ተኩል በመቶ! ጀልባ የሚገዛውን ታክስ ክፈል ቢሉት ይገባኛል። ዳቦ ግን ምን አጠፋ?"

"ሕጉን ያወጣሁት እኔ አይደለሁማ፣ አቶ ደልማር።"

"አውቃለሁ። ታዲያ ለማን ልንገር?"

ቤተ ክርስቲያን ምሳ ሲኖር የድንች ሰላጣውን ታክስ አስልተው ለአብሳይዋ ይነግሯታል። በዚህ የተነሳ ከጎናቸው ያለው ወንበር ሁልጊዜ ባዶ ነው። ባለቤታቸው አይሪን በተቀበሩ ማግስት እንኳ መጡ። ግማሽ ዳቦ አለ ወይ ብለው ጠየቁኝ። የለም አልኳቸው። ሙሉውን ገዝተው ደረሰኙን አነበቡ።

አንድ ዓርብ ማሪሶል ከፊታቸው ተሰለፈች። ማሪሶል ፋብሪካው ውስጥ ቢላ ይዛ ስትቆርጥ የምትውል፣ ሁለት ሴት ልጆች ያሏት ወጣት ናት። የመደርደሪያውን ዋጋ በጣቷ እየደመረች ነበር የመጣችው፤ ታክሱን ግን ረስታዋለች። ሁለት ዶላር ከምናምን ጎደላት። እንጆሪውን ከዘንቢሉ አውጥታ ወደ እኔ ገፋችው። አብራት የመጣችው ትንሿ ልጇ እንጆሪውን በዓይኗ ሸኘችው።

አቶ ደልማር ቦርሳቸውን አወጡ።

"አመሰግናለሁ፣ አይሆንም" አለቻቸው ማሪሶል፣ ቀና ብላ።

ያን ዕለት አልጮኹም። ደረሰኛቸውንም አላነበቡም። በሳምንቱ የአምስት ሰዓት መንገድ ብቻቸውን ነድተው የክፍለ ግዛቱ ዋና ከተማ ድረስ ሄዱ፤ የበጀት ኮሚቴ ፊት ሊናገሩ። ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወረፋ ጠብቀው ሁለት ደቂቃ ተሰጣቸው።

"ምን አሏቸው?" አልኳቸው ሲመለሱ።

"የሰው ስም አልጠራሁም። አንዲት ልጅ እንጆሪ ሲወሰድባት አየሁ ነው ያልኩት። ከዚያ ሰዓት ማለቁን የሚያሳየው መብራት ቀይ ሆነ።"

ታክሱን የሚያስቀር ሕግ የኋላ ኋላ ወጣ። ታክሱ መጀመሪያ ወደ አራት፣ ቀጥሎ ወደ ሁለት ወረደ። በመጨረሻም ጥር ሲገባ ክፍለ ግዛቱ ከምግብ ላይ እጁን አነሳ። በእሳቸው ምክንያት ነው ልል አልችልም። እሳቸውም እንዲያ አላሉም፤ ግን ያን ሰሞን ኮፍያቸውን ትንሽ ዘመም አድርገው ነበር።

የመጀመሪያውን ደረሰኝ ደጋግመው አነበቡት።

"በቃ ማለት ነው?"

"በቃ። አሸነፉ እኮ!"

አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱትና ወጡ። በማግስቱ አልመጡም። በሳምንቱም አልመጡም። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ነገር ገባኝ። ባለቤቴ ከሞተ፣ ልጄም ዊቺታ ከተማ ከገባች ወዲህ፣ ቀኑን ሙሉ በስሜ የሚጠራኝ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ።

እሑድ ከሰዓት ቤታቸው ሄድኩ። በሩን ሲከፍቱ ደነገጡ።

"አመመዎት እንዴ?"

"ደህና ነኝ።"

"ታዲያ ለምን ጠፉ?"

"ምን ብዬ ልምጣ?"

"የከተማዋ የታክስ ድርሻ ደረሰኙ ላይ አለ አይደል? እሱ እኮ አልቀረም።"

"እሷማ ለመንገድ ጥገና ናት" አሉ ተክዘው። "መንገዱን እኔም እነዳበታለሁ።"

"እንግዲያው ዝም ብለው ይምጡ።"

"ዝም ብሎ መምጣት አላውቅበትም፣ ዋንዳ።"

ማክሰኞ ግን መጡ። አንድ ሎሚ ይዘዋል። ከፈሉ፣ ደረሰኙን ሳያዩት ኪሳቸው ከተቱት፣ ከዚያም ቆሙ። ማስቲካ መደርደሪያውን አዩ። ጣሪያውን አዩ። ከኋላቸው አራት ሰው ተሰልፏል፤ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ።

"እ... ዋንዳ።"

"አቤት።"

"ቀኑን ሙሉ ቆመሽ... እግርሽን አያምሽም?"

በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ስለ እኔ አንድም ነገር ጠይቀውኝ አያውቁም።

"ያመኛል" አልኳቸው። "በተለይ ግራው።"

መቼ እንደጀመረኝ፣ ሐኪሙ ምን እንዳለ፣ ልጄ የላከችልኝ ጫማ እንዴት እንደጠበበኝ፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ክርናቸውን መደገፊያው ላይ አድርገው ሰሙኝ። የተሰለፉት አንድ በአንድ ወደ ሌላው መስመር ሄዱ።

ይሂዱ።