የቬሎው ትከሻ

እኛ ሰፈር መዋዋስ ነውር አይደለም። ድንኳኑ የእድር ነው፣ ወንበሩ የእድር ነው፣ ትልቁ ድስት የእትዬ ብርቄ ነው። የእኔ የክርስትና ቀሚስ እንኳ ከእኔ በፊት አራት ሕፃናት ተጠምቀውበታል፤ ከእኔ በኋላ ስንት እንደተጠመቁበት አላውቅም። ከመካከላቸው አንዱ አድጎ ሌባ ይሁን ቄስ የጠየቀ የለም። ቬሎ ላይ ስንደርስ ግን ነገር ይለወጣል። ለአንድ ቀን፣ ያውም ለግማሽ ቀን ለሚለበስ ልብስ "የማን ነበር?" ይባላል። ሃያ ሙሽሮች የለበሱት የኪራይ ቬሎ የማንም ስላልሆነ ንጹሕ ነው፤ አንዲት ሴት ብቻ የለበሰችው ግን የሰው ነው። ይህን ሒሳብ ዩኒቨርሲቲ አላስተማሩኝም።

ታላቅ እህቴ መቅዲ ቤቴል ከምትኖር ሴት የተለበሰ ቬሎ ገዛች። ፎቶውን ስልኬ ላይ አይቼ ያሳየኋት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ከዚህ በታች ለሚሆነው ሁሉ ተጠያቂዋ እኔ መሆኔን ቀድሜ ልናገር። መቅዲ ለብሳው መስታወት ፊት ስትቆም ምንም አላለችም። መቅዲን ብታውቋት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል። እህቴ ዝም የምትለው ስትተኛ ብቻ ነው።

እማዬ ግን ዞር ብላ ከኋላ አየችው። ግራ ትከሻው ላይ፣ ዳንቴሉ የሚጀምርበት ቦታ፣ አውራ ጣት የሚያህል ግራጫ ነገር ነበር።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ጥላ ነው" አለች መቅዲ።

"እስኪ ተንቀሳቀሺ።"

ተንቀሳቀሰች። ጥላውም አብሯት ሄደ።

እማዬ ፈረደች። እስከ ሐሙስ ካልለቀቀ መቅዲ የአክስታችን ልጅ የመረጠችላትን የኪራይ ቬሎ ትለብሳለች። ያንን ቬሎ አይቼዋለሁ። መብራት አለው። መብራት የሚመስል ጌጥ ማለቴ አይደለም፤ በባትሪ ድንጋይ የሚበራ፣ እውነተኛ መብራት። መቅዲ እጄን ያዘችኝ። "ሚጡ፣ እሱን ለብሼ ከወጣሁ ሙሽራ ሳይሆን ሱቅ ነው የምመስለው። አድኚኝ!"

ሰኞ ጠዋት ቬሎውን ግቢያችን ውስጥ ሽቦ ላይ ሰቀልኩት። ተሳሳትኩ። እኛ ግቢ ሽቦ ላይ የወጣ ልብስ የሕዝብ ነው። እኔ ደግሞ፣ አትታዘቡኝና፣ ታክሲ ፌርማታዬን ቢያልፈኝ "ወራጅ አለ" ከማለት እስከሚቀጥለው ሄዶ በእግር መመለስ የሚቀለኝ ሰው ነኝ። እምቢ የሚለው ቃል ሲጻፍ አውቀዋለሁ፤ ሲነገር ግን አልለመድኩትም።

መጀመሪያ የመጡት እትዬ ብርቄ ናቸው። "ወይን ነው" አሉና ጨው ነሰነሱበት። ቀጥሎ ጨርቃ ጨርቅ የሚነግዱት ጎረቤታችን እትዬ ወለተ መጡ።

"ወይን ግራጫ ሆኖ ያውቃል? የመኪና ግራሶ ነው። ሙሽራ መኪና ላይ ትደገፍ የለም?"

"በትከሻዋ?" አሉ እትዬ ብርቄ።

"የዘንድሮ ሙሽራ፣ ለፎቶ ነው ካሏት በምኗ ነው የማትደገፈው!"

ግራሶ ነው ተብሎ ዱቄት ተደረገበት። አንዲት አላፊ አግዳሚ እልል ብላ ገባችና ሎሚ ጨመቀች። ጨው፣ ዱቄት፣ ሎሚ፣ ከላይ የረፋድ ፀሐይ። ትንሽ ቢቆይ ቂጣ ይወጣው ነበር።

እጃቸው ትከሻውን ሲያሽ አፋቸው ግን ሌላ ነገር ነበር የሚያሸው። "ለምን ሸጠችው? ደህና ትዳር ያላት ሴት ቬሎዋን ትሸጣለች? ለመሆኑ ከባሏ ጋር ናት?" ለዚህኛው እድፍ ጨውም አልተገኘለትም።

ከምሳ በኋላ እትዬ ብርቄ ክዳኑ የተከፈተ የበረኪና ጠርሙስ ይዘው ብቅ አሉ። በረኪና እንዲህ ያለውን ዳንቴል ቢጫ እንደሚያደርገው አንብቤያለሁ። ይህ ለእትዬ ብርቄ እንዴት እንደሚነገር ግን የትም ቦታ አላነበብኩም። ጠርሙሱ ሲዘነበል መቅዲ በመስኮት በኩል አየችኝ።

"አይሆንም!"

ማን እንደጮኸ ለማየት ዞር አልኩ። እኔ ነበርኩ።

እትዬ ብርቄ ጠርሙሱን ቀና አደረጉት። "ይቺ ልጅ ድምፅ አላት እንዴ? ታዲያ ምን ይሁን ትያለሽ?"

"የሸጠችልንን ሴት... ምን እንደሆነ ብንጠይቃት?"

ግማሽ ቀን ሙሉ ስንከራከር ይህ ለማንም አልታየውም ነበር። እኛ ሰፈር አውቃለሁ ማለት እንጂ መጠየቅ ያሳፍራል።

በማግስቱ እማዬ እስከ በር ሸኘችኝ። "በዚያው ከባሏ ጋር መሆኗን እወቂ።"

"እንዴት ብዬ ልጠይቃት?"

"ኧረ እንዳትጠይቂ፣ ነውር ነው! ዝም ብለሽ እወቂ።"

ከአየር ጤና በታክሲ ቤቴል ደረስኩ። ሴትየዋ ሰናይት ትባላለች። ከመግባቴ በፊት በሩ ላይ ጫማ ፈለግሁ። የወንድ ነጠላ ጫማ አለ፤ ግን ነጠላ ጫማ ምን ማስረጃ ይሆናል፣ ወንድም ቢኖራትስ? ግድግዳው ላይ የሠርግ ፎቶ አለ፤ እሱም ማውረድ ረስተውት ይሆናል። ሰናይት ዓይኔን ተከትላ አየችና ሳቀች።

"አብርሽ! ና ውጣ እስኪ፣ ሊያዩህ መጥተዋል!"

ሽንኩርት ሲከትፍ የነበረ ሰው ቢላዋውን እንደያዘ፣ እንባ ባቀረረ ዓይኑ ከጓዳ ብቅ አለ። "ባሏ እኔ ነኝ። እስካሁን" አለና ተመለሰ።

"ቬሎውን ሊያይ የመጣ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው" አለች ሰናይት። "የሸጥኩት ቁም ሳጥን ጠቦን ነው። ሁለት ልጅ ወልደን የት ላድርገው?"

ስለ ትከሻው ስጠይቃት ድምጿ ዝቅ አለ። "እሱ የእናቴ ኩል ነው። ማልቀስ የድሮ ሰው ነገር ነው፣ እኔ አላለቅስም ስትል ከርማ፣ ልወጣ ስል ትከሻዬ ላይ ተደፋች። ኩል ቅባት አለው። ከሥሩ ነጭ ጨርቅ አድርጊና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ቀስ እያልሽ ነካ ነካ አድርጊው። እንዳታሺው።"

"ይህን ካወቅሽ ለምን አላስለቀቅሽውም?"

"ጊዜ አላገኘሁም እኮ" አለች። ትልቁ ልጇ ትምህርት ቤት ገብቷል። ሌላ አልጠየቅኳትም።

ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ተንበርክኬ ነካ ነካ ሳደርግ ዋልኩ። ለቀቀ። ሐሙስ እማዬ መነጽሯን አድርጋ ፀሐይ ላይ አገላብጣ አየችውና "እሺ" አለች። እሺ ማለት በእማዬ ቋንቋ እልልታ ነው። የኩሉን ታሪክ ስነግራት ግን አፏን አጣመመች። "ሰው እንዴት ልጁን ሲድር ልብሷን ያበላሻል? እኔ አላለቅስም። አስኮ ነው የምትሄደው፣ ባሕር ማዶ አይደል!"

እሑድ ሚዜዎቹ በሩ ላይ ከሴቶቹ ጋር ተጨቃጭቀው፣ ዘፍነው ገቡ። እማዬ ኩሏን ተኩላ፣ አዲስ ነጠላዋን ለብሳ፣ ማን የት እንደሚቀመጥ እያዘዘች ነበር። መቅዲ ልትሰናበታት ጎንበስ አለች። "ሂጂ፣ ሂጂ፣ ይረፍድባችኋል" እያለች እማዬ በአንድ እጇ ገፋቻት፤ በሌላው እጇ ግን ይዛታለች። ከዚያ ሁለቱም እጆች ያዙ። ፊቷም ግራ ትከሻው ላይ ተደፋ።

ቦርሳዬ ውስጥ ለማንኛውም ብዬ ሳሙናና ነጭ ጨርቅ ይዤ ነበር። ጨርቁን አወጣሁና ለእማዬ ሰጠኋት። ለዓይኗ። መቅዲ ትከሻዋ ላይ ኩሉን እንደያዘች ወጣች።

አሁን የእኛም ቁም ሳጥን ጠቦ ቬሎው ለሽያጭ ቀርቧል። ባለፈው ቅዳሜ ከዘነበወርቅ አንዲት ልጅ ከእናቷ ጋር መጣች። ልጅቷ ለብሳው ዝም አለች። እናቷ መጀመሪያ በሩ ላይ ያሉትን ጫማዎች፣ ከዚያ ትከሻውን አዩ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"የእናታችን ኩል ነው። ይለቃል፤ አሳይዎታለሁ።"

"የሚለቅ ከሆነ ምነው እስካሁን አላስለቀቃችሁትም?"

"ጊዜ አላገኘንም!" አለች እማዬ ከጓዳ።

ሴትየዋ አፋቸውን አጣመሙ። እኔ ግን ዓይናቸውን ነበር የማየው። በደንብ ተኩለዋል።