ቁመቱ ከዜሮ በታች የሆነው ዛፍ

ሰው ከራሱ ጭንቅላት ይልቅ የሌላውን ማመን ይወዳል፤ በተለይ ያ ሌላው ቁልፍ ካለው! አትቆጡ… እናንተም ታደርጉታላችሁ።

ዲላ ኮሌጅ የገባሁ ጊዜ አጎቴ ከሱቁ ካልኩሌተር ሰጠኝ። በፀሐይ የሚሠራ! አንድ ዴስክ ከምንጋራው ከአራታችን ካልኩሌተር ያለኝ እኔ ብቻ ስለሆንኩ፣ ፈተና ላይ እኔ ሠርቼ ለጎኔ አቀብላለሁ፣ እሱም ለቀጣዩ። ማዋስ ነውር አልነበረም።

የሒሳብ ፈተናው ደረሰ። ከዛፍ ጫፍ እስከ መሬት የተወጠረ ሃያ ሜትር ገመድ፣ ከመሬቱ ጋር ሠላሳ ዲግሪ ማዕዘን፤ ዛፉ ስንት ሜትር ነው? ሃያ ማርክ! ሳይን ሠላሳ ግማሽ መሆኑን የማያውቅ ከመካከላችን አልነበረም። ካልኩሌተሩ ግን ነጌቲቭ 19.76 አለ። ደንገጥ አልኩ… ግን ለገዛ ባለቤቱ ይዋሻል? ጻፍኩና ካልኩሌተሩን አቀበልኩ። ከሥሩም ማብራሪያ ጨመርኩ፦ «ነጌቲቩ የሚያሳየው ሥሩን ነው።» እንሰት ያየ ሰው አይፈርድብኝም፤ የሚበላው ሥሩ፣ አሚቾው፣ ያለው ከመሬት በታች አይደል?

ከሦስት ቀን በኋላ አራታችንም ቢሮ ተጠራን። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ የእኛ ድር ያሰረው እኛኑ ነው። ኩረጃ ከተባለ ኤፍ ነው፣ በእኔ ውጤት ላይ ኤፍ ከተጨመረ ደግሞ ሻንጣዬን ይዤ ወደ ቤት ነው።

«አራት ሰው፣ አንድ ዓይነት ስህተት። ተኮራርጃችኋል» አሉ መምህራችን።

«አልተኮራረጅንም ቲቸር፤ ካልኩሌተሩ አንድ ስለሆነ ነው» አልኩና አውጥቼ አሳየኋቸው።

ተቀብለውኝ ነካ ነካ አደረጉት። «ማዕዘኑን ከዲግሪ ወደ ሬድያን የቀየረው ማነው?»

ጣሪያውን አየሁ። ፈተናው ሊጀመር ሲል ለጉራ ያልነካሁት ቁልፍ አልነበረም።

«ሳይን ሠላሳ ስንት ነው?»

«ግማሽ» አልን በአንድ አፍ።

«ሃያ ሲባዛ በግማሽ?»

«አስር።»

«ታዲያ እያወቃችሁ ይሄን ለምን ጻፋችሁ?»

ከአራታችን አንዱ፣ ኮሌጅ ከመግባቱ በፊት ወርቃ የሚባል ቦታ ቡና ማጠቢያ ሲሠራ የነበረው በራሶ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ቲቸር፣ የኛ ጭንቅላት የሚሠራው በቆጮ ነው፤ እሱ በፀሐይ። እንዴት ብለን እንከራከረው?»

መምህሩ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ሲመለሱ የኩረጃውን ነገር ትተው፣ አሠራራችሁስ ልክ ነው ብለው ከሃያው ማርክ ግማሹን ሰጡን።

ስንት እንደደረሰን ያወቅነው ያለ ካልኩሌተር ነው።