የክርስትና ስሜና አራት መቶ ጃንጥላ

በዚህች ከተማ ሚስጥር የሚባል ነገር የለም፤ ተራው ያልደረሰ ወሬ ብቻ ነው ያለው። «ለማንም እንዳትናገር» ተብሎ የተነገረ ነገር ከጎፋ ተነስቶ ብስራተ ገብርኤል ለመድረስ ታክሲ እንኳ አይጠብቅም፤ በእግሩ ይቀድማል። ይህን ያስተማረኝ ባንኮኒ ነው። ሌላ ትምህርት ቤት ብዙም አልገባሁም፤ የገባሁበትም ቶሎ አስወጥቶኛል።

«ታዲያ ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው እንዴት ጉድ ሆነ?» ብትሉኝ አልፈርድባችሁም። እኔም ራሴን ደጋግሜ ጠይቄዋለሁ።

ሥራዬ ጃንጥላና የፕላስቲክ ቦት ጫማ መሸጥ ነው። ዘጠኝ ወር ሙሉ ሰው «ይኼ ሰውዬ በምን ይሆን የሚኖረው» እያለ በሱቄ ደጅ ያልፋል። ክረምት ሲገባ ግን ሰማዩ ራሱ ደላላ ይሆንልኛል። ከመንገዱ ማዶ ያለው ሱቅ የሳቢር ነው። ሳቢር ወዳጄ ነው፤ ለቅሶ አብረን ደርሰናል፣ ሠርግ አብረን ታድመናል፣ ልጆቼን ግማሽ በግማሽ ያሳደጋቸው የሱ ከረሜላ ነው። እሱም የሚሸጠው ጃንጥላና ቦት ጫማ ነው። ነጋዴ ለወዳጁ ኩላሊቱን ሊሰጥ ይችላል፤ ዕቃ የሚያመጣበትን ቦታ ግን... እሱን ተዉት።

በዚያ ዓመት የአንድ የዱባይ ጃንጥላ አከፋፋይ አድራሻ እጄ ገባ። ሰውየው ደብዳቤ የሚቀበለው በኢሜይል ነው ተባልኩ። ኢሜይል ያኔ ከተማችን ገብቶ ገና ጥርስ አላወጣም። እናም መካኒሳ አቦ አጠገብ ታይፕና ፎቶ ኮፒ ወደምትሠራው ወደ ሮማን ሄድኩ። ሮማን ኮምፒውተር ገዝታ ከስልክ መስመር ጋር አገናኝታዋለች። ለየደንበኛው በኮምፒውተሩ ውስጥ አንድ አንድ የደብዳቤ ሳጥን ትከፍታለች፤ ደብዳቤ ሲመጣ ታነባለች፣ ትተረጉማለች፣ መልስ ትጽፋለች። ማሽኑ ስልኩን ሲይዝ ጅራቱን የተረገጠ ድመት ይመስል ይጮኻል፤ ከዚያ ዱባይ ይደርሳል።

«የሚስጥር ቃል ይምረጡ ጋሼ» አለችኝ።

«የምን ሚስጥር?»

«ሳጥንዎን የሚከፍት። እርስዎ ብቻ የሚያውቁት፣ ሌላ ሰው ሊገምተው የማይችል።»

አሰብኩ። የልጆቼን ስም ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል። የተወለድኩበትን ቀን እኔም አላውቀው። በመጨረሻ አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፤ የክርስትና ስሜ። እናቴ «ስምህን ክፉ ሰው ከያዘው ድግምት ይሠራብሃል» እያለች ነው ያሳደገችኝ። ስሜን የሚያውቁት የነፍስ አባቴና እግዚአብሔር ናቸው፤ ሁለቱም ታይፕ አያደርጉም። (ለእናንተም አልነግራችሁም፤ ዝም ብላችሁ አትጠጉ።)

ጎንበስ ብዬ በጆሮዋ ሹክ አልኳት። ሮማን ደግሞ ስትጽፍ ፊደሉን እየጠራች ነው። «ጂ... ኢ... ቢ...» ከኋላዬ አግዳሚው ወንበር ላይ ተራ የሚጠብቅ ሰው ተደርድሯል።

«ቀስ በይ እንጂ ልጄ።»

«ቀስ ካልኩ እሳሳታለሁ ጋሼ።»

ነገሩን ለማስረሳት ወሬ ቀየርኩ። «ይኼን ደብዳቤ የሚልከውን ፕሮግራም በስንት ገዛሽው?»

«አልገዛሁትም። በፍሎፒ ገልብጬ ነው ያመጣሁት። የሠሩት ሰዎች ለማንም በነፃ ለቀውታል። እንዴት እንደሠሩትም ጭምር አውጥተው ያሳያሉ፤ ስህተት ያየ ሰው እንዲያርመው።»

«ነጋዴዎች ናቸው?»

«አይደሉም።»

«ያስታውቃሉ» አልኳት። ሱቁን በርግዶ ትቶ «የተበላሸ ዕቃ ካያችሁ ጠግናችሁ እለፉ» የሚል ሰው እኔ በዕድሜዬ አላየሁም።

በሳምንቱ ከዱባይ የዕቃ ዝርዝር መጣ። እንግሊዝኛ አላነብም፤ ቁጥር ግን በየትኛውም ቋንቋ አነባለሁ። ከዝርዝሩ ሁሉ አንዱ ዓይኔን ሳበው፤ ስፋቱ ሁለት ሜትር፣ ዋጋው ከትንሹ ብዙም የማይርቅ። ሁለት ሜትር ጃንጥላ ታያችሁ? ባል፣ ሚስት፣ አራት ልጅ፣ ከተረፈም አማች። ሮማን ከቁጥሩ ጎን ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ስትጀምር አቋረጥኳት።

«ዝርዝሩን ተይው። አራት መቶ ላኩ በያቸው።»

«ጋሼ፣ እዚህ ጋ እኮ...»

«አራት መቶ።»

ለክረምቱ የያዝኩት ገንዘብ በሙሉ እዚያች ቃል ውስጥ ገባ። መልስ መጣ፤ ረቡዕ እንጭናለን፣ የሚቀየር ነገር ካለ ከዚያ በፊት አሳውቁን። ምን የሚቀየር አለ? ቤቴ ገብቼ እንደ ንጉሥ ተኛሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ሳቢር መንገዱን ተሻግሮ መጣና ባንኮኒዬ ላይ ተደገፈ።

«ጌታነህ፣ ጎፋ ባሕር አለ እንዴ?»

«ቧንቧውም በፈረቃ ነው የሚመጣው።»

«አይ፣ እንዲያው ነው።» ሄደ።

ሰኞ ተመልሶ መጣ። «አንድ ነገር ልጠይቅህ። ጃንጥላ በጣም ትልቅ ሲሆን ታክሲ ውስጥ ይገባል?»

«ስለ ጃንጥላ ማን አነሳ?»

«ስለ ጃንጥላ በጠቅላላው ነው።»

በሆዴ ሳቅሁ። ሸትቶታል አልኩ፤ ከየት እንደሆነ ግን አላወቀም፤ ቅናት እያንከራተተው ነው። ማክሰኞ ጠዋት ደግሞ መጣ። ዓይኑ ቀልቷል።

«ሰው ጃንጥላ ለመያዝ መጀመሪያ ጉድጓድ መቆፈር ካለበት...»

«ሳቢር፣ አሞሃል?»

«ትንሽ ራሴን።»

«ሂድና ተኛ ወንድሜ።»

ከሰዓት በኋላ በሁለት እጁ ሁለት ሻይ ይዞ ብቅ አለ። ሻይ ገዝቶ የሚመጣ ነጋዴ ወይ ሊሸጥላችሁ ነው፣ ወይ ሊናዘዝ። አንዱን ሰጠኝ፤ የራሱን ሳይቀምስ አስቀመጠው።

«ሳጥንህን ከፍቼዋለሁ» አለኝ።

«የቱን ሳጥን?»

«ሮማን ጋ ያለውን። ደብዳቤህን።»

ሻዩን አስቀመጥኩት። «የሚስጥር ቃሌንስ?»

«ያን ቀን ከኋላህ ወንበሩ ላይ ነበርኩ፤ አላየኸኝም። ‹ጂ፣ ኢ፣ ቢ› ስትል ሰማኋት። ‹ገብረ› መሆኑን ካወቅክ የቀረው ጥቂት ነው። እናንተ ክርስቲያኖች ሚስጥር ደብቁ ስትባሉ ሁላችሁም አንድ ጉድጓድ ትቆፍራላችሁ። ሮማን ምሳ ስትወጣ ‹ገብረ ሥላሴ› ብዬ ሞከርኩ፣ እምቢ አለ። ‹ገብረ ማርያም› አልኩ፣ እምቢ አለ። በአምስተኛው ተከፈተ።» ትንሽ አሰበና «ጥሩ ስም ነው ደግሞ» ብሎ ጨመረበት።

«ለምን ከፈትከው?»

«ከየት እንደምታመጣ ልሰርቅ ነዋ። ለሌላ ለምን ይመስልሃል?»

ሰው እንዲህ ፊት ለፊት ሲናገር ለመቆጣት እንኳ አያመችም። «እና ሰረቅክ?»

«ልሰርቅ ገብቼ ትዕዛዝህን ሳይ ስርቆቱን ረሳሁት። ጌታነህ፣ ያዘዝከው የባሕር ዳርቻ ጃንጥላ ነው። ጅዳ ስሠራ አይቼዋለሁ። ዘንጉ ከኔ ይረዝማል። አሸዋ ውስጥ ተተክሎ ሰዎች ከሥሩ ይጋደማሉ።»

«ምን ሊሠሩ?»

«ምንም። ፀሐይ ሊሞቁ።»

«ፀሐይ ሊሞቁ ጃንጥላ ሥር ይገባሉ?»

«እኔ አልላክኋቸው።»

አራት መቶ ሰው ያንን ዘንግ ተሸክሞ በጎፋ መንገድ ሲሄድ ታየኝ። ታቦት የወጣ መስሎት ሰፈሩ በእልልታ ሲከተል ታየኝ። ከዚያ ደግሞ ማንም ሳይገዛው ቀርቶ ሱቄ ውስጥ ተደርድሮ፣ ውጭ ዝናቡ ሲወርድ፣ ሰው ሁሉ ወደ ማዶ ሲሮጥ ታየኝ። ይኼኛው አላሳቀኝም።

«ለምን ቅዳሜ አልነገርከኝም?»

«ቅዳሜ ብነግርህ ‹እንዴት አወቅክ› ትለኛለህ።»

«አሁንስ አላልኩህም?»

«ብለኸኛል። ግን ነገ ረቡዕ ነው።»

ሱቅ ዘግተን በታክሲ መካኒሳ ደረስን። መስመሩ ሁለት ጊዜ እምቢ አለ፤ ማሽኑ ጮኸ፣ ዝም አለ፣ ጮኸ። በሦስተኛው ያዘ። ሳቢር ከሮማን ወንበር ላይ ተቀመጠና የሚስጥር ቃሌን እኔን ሳይጠይቅ ጻፈው፤ ከኔ ይልቅ እጁ ለምዶታል። ትልልቆቹ ይቅሩ፣ በእጅ የሚያዙት፣ የሚታጠፉት ይላኩ ብሎ ጻፈ። ላከ። መልሱን ለመጠበቅ አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። እኔ በልቤ ለየመልአኩ ስለት እሳላለሁ፤ ሳቢርም ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። በሁለት ወገን ተይዟል ብዬ ተጽናናሁ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ሮማን «መጥቷል» አለችና ማንበብ ጀመረች። መሃል ላይ ድምፅዋ ቀነሰ።

«ጮክ በይ እንጂ። ለስሜ ጊዜ ጮክ ትይ የለ?»

«‹ክቡር ደንበኛችን፣ ማረሚያዎ ደርሶናል። ነገር ግን ከቅዳሜ ወዲህ ከእርስዎ የደረሰን ሦስተኛው ማረሚያ ስለሆነ የትኛውን እንድንከተል ይግለጹልን። ቅዳሜ ትልልቆቹን ሰርዘው የሚታጠፉትን አዘዙ። ሰኞ ደግሞ ለለቅሶ እንዲያገለግሉ ሁሉም ጥቁር ይሁኑ አሉ። በደብዳቤያችን ላይ የነበሩትን ሁለት የሰዋስው ስህተቶች ስላረሙልን እናመሰግናለን።›»

ወደ ሳቢር ዞርኩ። ሳቢር ሁለት እጁን አነሳ። «ወላሂ እኔ አልጻፍኩም። እኔ ከፍቼ አየሁ እንጂ አልነካሁም።»

ከወንበሩ ጥግ አንድ ጉሮሮ ተጠረገ። ጡረታ የወጡት የእንግሊዝኛ መምህር ጋሽ ዘለቀ ናቸው፤ ውጭ አገር ካለች ልጃቸው ደብዳቤ ለመጠበቅ እዚያ ወንበር ላይ የሚውሉ ሰው።

«የሰኞዋ የእኔ ናት» አሉ መነጽራቸውን እየወለወሉ። «ስህተት አይቼ ማለፍ አልችልም፤ የልጅነት አመሌ ነው። ባለ ቀለም ጃንጥላ ይዞ ለቅሶ መሄድም ስህተት ነው።»

«የሚስጥር ቃሌንስ ከየት አመጡት ጋሽ ዘለቀ?»

«ከየትም አላመጣሁት። ሳጥን ተሳስቼ የእርስዎን ነካሁ፤ የራሴን ቃል ጻፍኩ፤ ተከፈተ።» መነጽራቸውን አደረጉና ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ሞክሼ ነን ለካ።»

የቅዳሜዋ ቀረች። ሦስታችንም ቀስ እያልን ወደ ሮማን ዞርን። ሮማን የኮምፒውተሩን አቧራ በጣቷ ትጠርጋለች።

«ያን ቀን ልነግርዎ ነበር ጋሼ» አለች። «ግን ‹አራት መቶ› ሲሉ ፊትዎ እንዴት እንደበራ አላዩትም። ማጥፋት ከበደኝ።»

ምን ይባላል? አንዱ ሊሰርቅ ገባ፣ አንዱ ሊያርም ገባ፣ አንዷ አዝናልኝ ገባች። ሚስጥሬ እንዳሰብኩት ተጠብቆ ቢሆን ኖሮ ያን ክረምት አሸዋ ፍለጋ እንከራተት ነበር። እናቴ ድግምት ይሠራብሃል አለች እንጂ ትዕዛዝህን ያርሙልሃል አላለችኝም።

«የቅዳሜው ይሁን በያቸው» አልኳት ሮማንን፤ እሷም ጽፋ ላከችው።

ሳቢር ጠጋ አለኝ። «እኔም ለሰውየው ብጽፍለት ምን ይመስልሃል?»

«አድራሻውን ታውቀው የለ?»

«አውቀዋለሁ። ላስፈቅድህ ብዬ ነው።»

«ጥቁር ጥቁሩን አንተ እዘዝ፤ ባለ ቀለሙን ለእኔ ተውልኝ።»

«ለቅሶውን ለእኔ ሰጠኸኝ ማለት ነው።»

«ክረምትም በጋም የማይቋረጥ ገበያ ነው፤ አታማር።»

ጋሽ ዘለቀ በዚህ እንደሚስማሙ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ማንም ግን አልጠየቃቸውም።

ልንወጣ ስንል ሮማን ጠራችኝ። «ጋሼ፣ ለማንኛውም አዲስ የሚስጥር ቃል ቢመርጡ ይሻላል። ማንም የማያውቀው።»

ወደ አግዳሚው ወንበር ዞርኩ።

«ምን ይሻለኛል ትላላችሁ?» አልኳቸው።