ባሌ የወደዳት ቁጥር

ሰው በሰው ይቀናል፤ ያለ ነው። የጎረቤቱ ቡና አምሮ ሲያፈራ እንቅልፍ ያጣ ሰው እዚሁ ጅማ አውቃለሁ። በቁጥር የቀናች ሴት ግን ከእኔ ሌላ ካለች ትምጣና ተቃቅፈን እናልቅስ።

ባሌ ታደሰ ሸቤ ከተማ ጂኦግራፊ ያስተምራል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ጅሬን ወዳለው ቤታችን ይመጣል። ዝምተኛ ነው። ዝምተኛ ባል ያላት ሴት ኪስ ትፈትሻለች፤ ምን ታድርግ?

አንድ ቅዳሜ ገበያ ሲወጣ ኮቱን ላጥብ ብዬ ከኪሱ ወረቀት አገኘሁ። 142857 ይላል። ከሥሩ በገዛ እጁ «እንዴት ታምራለች!» ብሎ ጽፏል። ሃያ ሁለት ዓመት አብሬው ስኖር እኔን እንዲህ ብሎኝ ያውቃል? ዶሮ ወጤን እንኳ «ደህና ነው» ብሎ ነው የሚያልፈው።

እኛ ዘንድ ስልክ ስንለዋወጥ መነሻው የታወቀ ስለሆነ የምንጽፈው የመጨረሻዎቹን ስድስት አሃዞች ብቻ ነው። መነሻውን ጨምሬ ደወልኩላት። ያነሱት አንድ ሽማግሌ ናቸው። «ኤኙ?» አሉኝ፤ ማን ነሽ ማለታቸው ነው። ባሌን መልሱልኝ አልኳቸው። ቡና እያሰጡ እንደሆነና የማንንም ባል እንዳልወሰዱ በትዕግሥት አስረድተው፣ አብሽሪ ልጄ ብለው፣ መርቀውኝ ዘጉ። አፍሬ ወረቀቱን ብገለብጠው ደግሞ ከጀርባው 285714፣ 428571፣ 571428፣ 714285፣ 857142! ጉድ እኮ ነው፣ አንዷ ሳታንሰኝ አምስት እህት አላት።

ታደሰ ሲመለስ ወረቀቱን ፊቱ ዘረጋሁት። ይደነግጣል ስል ጭራሽ ፊቱ በራ። አስቀምጦ ያስረዳኝ ጀመር። ነገሩን የነገረው እዚያው ሸቤ አብሮት የሚሠራ የሒሳብ አስተማሪ ነው። ይህችን ቁጥር በሁለትም፣ በሦስትም፣ እስከ ስድስት ድረስ ብታባዣት ያው ስድስቱ አሃዞች ክብ እንደሠሩ ይዞራሉ እንጂ አንድም እንግዳ አይገባባቸውም።

«በስድስት ተባዝታ እንኳ መልኳ አልተለወጠም» አለኝ በኩራት።

እኔ ስድስት ልጅ ወልጄለታለሁ። መልኬ የት እንደደረሰ መስታወቱን ጠይቁት። እፎይ ማለት ሲገባኝ ባሰብኝ። ሴት ብትሆን እኮ አንድ ቀን ታረጃለች፤ ቁጥር መቼ ታረጃለች?

እንከን የሌለው የለም ብዬ ጓዳ ገባሁና በልጆቹ ደብተር ላይ በሰባት አባዛኋት። ታደሰ እስከ ስድስት ሲባል ስድስት ላይ የሚያቆም ሰው ስለሆነ ሰባትን አልሞከረም። ወጣ 999999። ያ ሁሉ ውበት ጀርባቸው የጎበጠ ስድስት አሮጊቶች ሆነ! እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

«ይኸውልህ ቆንጆህ፤ ሰባት ላይ ጉድ ሆነች» አልኩት።

ወረቀቱን አየ። ደግሞ አየ። ሁሉም ዘጠኝ፣ አንድም ሳይሳሳት፣ እያለ አጉተመተመ። ጭራሽ ይበልጥ አማረችው! አቃጥላታለሁ ያልኩትን ሴት ኩዬ ሰጠሁት ማለት ነው። ከዚያ ግን ቀና ብሎ፣ ስንት ዘመን ባላየኝ ዓይን፣ አየኝ።

«አንቺ ነሽ ያገኘሻት?» አለኝ።

ሰኞ ወደ ሸቤ ተመለሰ። ቅዳሜ ይመጣል። እኔም ይኸው ጣውንቴን በስምንት እያባዛኋት ነው፤ ያለሷ ማን ቀና ብሎ ያየኛል?