ሊቀ ስጋት እና የብስክሌቴ ኮርቻ

ደፋር የሌለበት ቤተሰብ ሞልቷል፤ ፈሪ የሌለበት ቤተሰብ ግን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። ፈሪ ስል ለራሱ የሚፈራውን ማለቴ አይደለም። እሱማ እንደ እኔ ተራ ሰው ነው። የምለው ለሌላው የሚፈራውን ነው፤ ልጅ ሲሮጥ ጥርሱ ሲረግፍ የሚታየውን፣ ሰው ሲስቅ ገና ትን ሳይለው ውሃ ይዞ የሚቆመውን። እንዲህ ያለ ሰው በእናንተም ቤት አለ። የለም የምትሉ ከሆነ፣ ሳታውቁት እናንተው ናችሁ።

በእኛ ቤት ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ፊት ለፊት "ጋሼ" እላቸዋለሁ፤ በሆዴ ግን "ክቡር ሊቀ ስጋት" ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በአንድ ትልቅ መጋዘን የእሳት አደጋ ተጠባባቂ ነበሩ። በእሳቸው ዘመን መጋዘኑ ውስጥ እሳት ተነስቶ አያውቅም። በመጨረሻ የተነሱት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ በጡረታ። ያን ሁሉ ዓመት ጠብቀውት ያልመጣውን እሳት ይዘው ወደ እኛ መጡና ከጓዳው አጠገብ ያለችውን ክፍል ያዙ።

ክብሪት ከመጫሩ በፊት ጎንበስ ብለው የጋዙን ሲሊንደር ያሸታሉ። ሰማዩ ካጉረመረመ ማቀዝቀዣውን ከሶኬት ይነቅላሉ፤ በዝናብ ወራት እኛ ቤት የሚበላ ሥጋ ሁሉ በመብረቅ ምክንያት የሸተተ ነው። ባለቤቴ ወንበር ላይ ቆማ መጋረጃ ስትሰቅል የወንበሩን እግር አቅፈው መሬት ላይ ይቀመጣሉ።

"ጋሼ፣ ልቀቀው እንጂ! ስንቴ የቆምኩበት ወንበር ነው" ትላቸዋለች።

"የወደቁትም ሁሉ ከዚያ በፊት ስንቴ ቆመውበት ነበር።"

የነገራቸው ሁሉ ማሳረጊያ ደግሞ አንድ ነው፦ "አይሁን እንጂ ቢሆንስ?" መልስ የለውም። ሞክሩት።

እኔ በአንድ ማተሚያ ቤት አራሚ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ የሰው ስህተት ስለቅም እውላለሁ። ሐኪሙ "ሆድህ ቀድሞህ መሄድ ጀምሯል፤ ተንቀሳቀስ" ሲለኝ ያገለገለ ብስክሌት ገዛሁና እየገፋሁ ቤት አስገባሁት። ሊቀ ስጋት መነጽራቸውን አደረጉ። ጎማውን በጣታቸው ጫን ጫን አደረጉ፣ ፍሬኑን ጨበጥ አደረጉ፣ ዞሩት። ከዚያ ኮርቻው ላይ ሲደርሱ ቀጥ አሉ።

"ይሄ ነው" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ወንጀለኛ እንደሚጠቁም ሰው።

"ምኑ?"

"ሰው የሚያልቅበት። ኮርቻውን የተሸከመው ዘንግ ላይ የተጫረ መስመር አለ። ያ መስመር ከቱቦው ውጪ ከታየ ዘንጉ ወደ ውስጥ በደንብ አልገባም ማለት ነው። ያኔ አንድ ጉድጓድ ይበቃዋል፤ ቀንጠስ! ከዚያ በኋላ ምን ላይ እንደምትቀመጥ እህቴ ባለችበት አልናገርም።"

"ጋሼ፣ መስመሩ እኮ አይታይም።"

"ዛሬ አይታይም።"

ቀጥለው ወደ አቀማመጡ ገቡ። የኮርቻው አፍንጫ ወደ ላይ ከቀና ጭን ያደነዝዛል። ወደ ታች ካቀረቀረ ደግሞ ሰውዬው እየተንሸራተተ ክብደቱን በእጁ ላይ ይጥላል፤ እጁ ይዝላል፤ መሪው ያመልጠዋል፤ መሪው ካመለጠው... ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም። ጣታቸውን ወደ ሰማይ ቀሰሩ።

ወዲያው ከጎረቤት ግንበኛ ውሃ ልክ እና ቱንቢ ተዋሱ። ውሃ ልኩን ኮርቻው ላይ አጋድመው አረፋዋ መሀል እስክትቆም ትንፋሻቸውን ያዙ። እኔን ኮሪደር ውስጥ ብስክሌቱ ላይ አወጡኝና ግድግዳ አስደገፉኝ፤ ባለቤቴ ከኋላ ያዘች፤ እሳቸው ተንበርክከው ቱንቢውን ከጉልበቴ ወደ ፔዳሉ አንጠለጠሉ። ኮርቻውን ወደፊት ሳብ፣ ወደኋላ መለስ አደረጉት።

"ቤት ልትሠራበት ነው እንዴ ጋሼ?" አለች ባለቤቴ ሳቋ እያመለጣት።

"ግድግዳ ቢጣመም አፍርሰው ይሠሩታል። ባልሽን ግን ማን ይሠራልሻል?"

እውነት ለመናገር ከዚያ በፊት እንደዚያ ተመችቶኝ ተቀምጬ አላውቅም። ምቾቱን ያበላሸችው አንዲት ብሎን ናት። ከኮርቻው ሆድ ሥር ሁለት ቀጫጭን ብረቶች አሉ፤ እነሱን ነክሳ ከዘንጉ ጋር የምታስረው እሷ ብቻዋን ናት። ይህን ያወቁ ዕለት ክቡርነታቸው እራት አልበሉም። "አንድ ሙሉ ሰው፣ የልጆች አባት፣ በአንዲት ብሎን?" እያሉ ሲብሰለሰሉ አመሹ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ከኮሪደሩ "ሲጥ" የሚል ድምፅ መስማት ጀመርኩ። መፍቻ ይዘው ብሎኗን "ትንሽ ብቻ" ያጠብቋታል።

"ተዉ በያቸው" አልኳት ባለቤቴን።

"አንተው ተወው። ካላጠበቀ ቁርስ አይወርድለትም።"

ውሎ አድሮ ፍርሃታቸው ተጋባብኝ። ከቤታችን እስከ ማተሚያ ቤቱ ያለው መንገድ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ነው፤ በአንድ ወገን የድንጋይ ግንብ፣ በሌላው ገደል፣ መሀሉ ላይ ሲሚንቶ የጫኑ መኪኖች የሚጋፉበት። መጀመሪያ ሰሞን ነፋሱ ደስ ይለኝ ነበር። ኋላ ግን ነፋሱን ትቼ ኮርቻውን ማዳመጥ ያዝኩ። ጠጠር ሲፈናጠር አንድ እጄን ከመሪው አንስቼ ብሎኗን እዳስሳለሁ፤ በአንድ እጅ መንዳቴ ደግሞ ይብስ ያስፈራኛል። ቢሮ ስደርስ ሸሚዜ በላብ ተጣብቆ፣ ለቃላቱ ስህተት ዓይን አይኖረኝም።

አንድ ቀን ጠዋት ካፊያው ቆሞ አስፋልቱ እርጥብ እንደሆነ ብስክሌቴን ይዤ ስወጣ በሩ ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

"ዛሬ አትሂድ" አሉኝ።

"ለምን?"

"ምክንያት የለኝም።" ፊታቸው አመድ መስሏል። "ሁልጊዜ ምክንያት ነበረኝ። ዛሬ ፈልጌ አጣሁት፤ እሱ ነው ያስፈራኝ።"

ግን ሥራ ነው፤ አለቃዬን "የሚስቴ ወንድም ምክንያት አጡ" ብዬ ላስፈቅድ አልችልም። ሄድኩ።

መጀመሪያውን ጥምዝ በሰላም አለፍኩ። ሁለተኛው ላይ አንድ ጉድጓድ ነበር፤ አየሁት፣ ቀስ ብዬም አለፍኩት። ከሥሬ "ቋ!" አለ። ኮርቻው አፍንጫውን ወደ ሰማይ ቀሰረና ከእኔ ጋር ተለያየ። ወደኋላ ልቀመጥ ስል ያለው የዘንጉ ጫፍ ብቻ ነው። እንዴት ብዬ ፔዳሉ ላይ እንደቆምኩ አላውቅም። ከኋላዬ የከባድ መኪና ጥሩምባ ጮኸ፤ ወዲያው ኮርቻዬ በጎማ ሥር ሲጨፈለቅ በጆሮዬ ሰማሁ። ሁለቱን ፍሬን ጨምቄ፣ ፔዳሉ ላይ እንደቆምኩ ቁልቁል ወረድኩ። መኪናው ታክኮኝ ሲያልፍ ነፋሱ ገፋኝና ብስክሌቱ ተንሸራቶ አስፋልቱ ላይ ዘረረኝ። እጄ ከሥሬ ታጥፎ ነበር። ቀና ብዬ ወደ ላይ ሳይ ሌላ የሲሚንቶ መኪና ጥምዙን ዞሮ እየወረደ ነው። ልነሳ ብል ሰውነቴ እንቢ አለኝ። ዓይኔን ጨፈንኩ።

ጎማ "ሲጢጥ" ሲል ሰማሁ። ከዚያ ዝም አለ።

ዓይኔን ስገልጥ አንድ ሽማግሌ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ፣ ሁለት እጃቸውን እንደ መስቀል ዘርግተው መሀል መንገድ ቆመዋል። በአንድ እግራቸው ጫማ የለም። የመኪናው አፍንጫ ደረታቸው ጋ ደርሶ ነው የቆመው። ዞሩ፤ ክቡር ሊቀ ስጋት ናቸው። አጠገቤ ተንበርክከው አንገቴን ዳበሱ፣ ራሴን ዳበሱ፣ ከዚያ ጣታቸውን አፌ ውስጥ ከተው ጥርሴን አንድ በአንድ ነካኩ።

ከኋላዬ ዳር ይዞ በቆመው አውቶቡስ ውስጥ ትኬት የምትቆርጠው ሴትዮ ጫማቸውን ይዛ እየሮጠች መጣች።

"ልጃቸው ነህ?" አለችኝ እያለከለከች። "በየጠዋቱ ከእኛ ጋር ነው የሚወርዱት። ቦታ ተለቆላቸው እንኳ አይቀመጡም፤ መስታወቱ ላይ ተለጥፈው 'ሹፌር፣ ያንን ብስክሌት እንዳታልፈው' ነው ቀኑን የሚጀምሩልን። ዛሬ ደግሞ በሩ ሳይከፈት ሊወጡ! ያበዱ መስሎን ነበር።"

ክንዴ ተሰብሮ ነበር፤ ታሰረልኝ። በሳምንቱ ብስክሌቱን ከነኮርቻው ስብርባሪ ይዘን ጥገና ቤት ሄድን፤ ካልመጣሁ ብለው ነው አብረውኝ የመጡት። ጠጋኙ የተሰበረችውን ብሎን በጣቶቹ መሀል አገላብጦ አየና ራሱን ነቀነቀ።

"ይቺ ላልታ አይደለም የተሰበረችው" አለ። "አንገቷ እስኪቆረጥ ጠብቃ ነው። በልኩ ሲጠብቅ ይይዛል፤ ከልኩ ሲያልፍ ይበጠሳል። ማነው በየቀኑ የሚያጠብቃት?"

"እኔ ነኝ" አልኩ ቶሎ ብዬ።

"እሱ አይደለም" አሉ ጋሼ ከጎኔ። ድምፃቸው የሕፃን ድምፅ ነበር። "እኔ ነኝ።"

የፈሩት ይደርሳል ይባላል። ሲደርስ ግን በራስ እጅ ተይዞ ይመጣል ብሎ የነገራቸው አልነበረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ መፍራት ተዉ። እንዲያው ዝም አሉ። ጋዙ ሳይሸተት ክብሪት ይጫራል። ነጎድጓድ ይወርዳል፣ ማቀዝቀዣው እንደተሰካ ነው። ባለቤቴ ሆን ብላ ወንበር ላይ ወጥታ መጋረጃ አወረደች፣ መልሳ ሰቀለች፤ ቀና ብለው አላዩዋትም። መጀመሪያ "ተመስገን፣ አረፍን" አልን። ቆይቶ ግን ቤቱ አስፈራን። የሚጠብቀው ሰው ጥሎት የሄደ ቤት ሆነብን። እኔ ራሴ ሳላውቀው ሲሊንደሩን ሳሸት ባለቤቴ ያዘችኝ፤ እሷም በእጇ የማቀዝቀዣውን ሶኬት ይዛ ነበር።

"አናግረው" አለችኝ። "ወንድሜ እየጠፋ ነው።"

ክንዴ የዳነ ጊዜ ብስክሌቱ አዲስ ኮርቻ፣ በሁለት ብሎን የሚታሰር፣ ተገጥሞለት ነበር። ጠዋት ይዤው ስወጣ ጋሼ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው መሬት መሬት ያያሉ።

"ጋሼ፣ ምንም አይሉኝም?"

"ምን እላለሁ? የእኔ ፍርሃት እኮ ሊገድልህ ነበር።"

"ያ መኪና ፊት ሲቆሙ አልፈሩም ነበር?"

በእውነት ጥያቄው አዲስ የሆነባቸው መሰሉኝ።

"አንተን እያየሁ ነበር" አሉ። "ለራሴ መፍራቱ ትዝም አላለኝ።"

ብስክሌቱ ላይ ወጣሁ። አንድ እግሬ ፔዳሉ ላይ፣ አንዱ መሬት ላይ ሆኖ ቁልቁለቱን አየሁት። መሄድ አቃተኝ።

"ጋሼ" አልኩ። "እኔ ፈራሁ።"

ከተቀመጡበት ተነሱ። ከጡረታ ወደ ሥራ እንደተጠራ ሰው ኮታቸውን ቆለፉ።

"የቱ ጋ ነው የፈራኸው?" አሉኝ።

"ሁሉም ጋ።"

"ውረድ" አሉ። መሪውን ከአንድ ወገን ያዙ፣ እኔ ከሌላው፤ በመኪኖቹ በኩል ያለውን ጎን እሳቸው ወሰዱ። ብስክሌቱን መሀል አድርገን እየገፋን ቁልቁለቱን ወረድን። "ጉድጓዱን ተጠንቀቅ። ያ ሽቦ ዝቅ አላለም? ያን ውሻ አትየው፤ ካየኸው ያይሃል። ግንቡ ሥር አትጠጋ፣ ድንጋዩ ላልቷል።" እስከ ማተሚያ ቤቱ በር ድረስ አፋቸው አላረፈም። እንደዚያ ጆሮዬ ላይ የጣፈጠ ወሬ ሰምቼ አላውቅም።

በሩ ላይ መሪውን ለቀቁልኝና ዳገቱን ሊመለሱ ዞሩ። አስፋልቱ እንደዚያ ቀን እርጥብ ነው፤ መኪኖቹ ይጋፋሉ፤ ጫማቸው ደግሞ ሶሉ ያለቀ መሆኑን ያን ጊዜ ገና አየሁት። የሥራ ባልደረቦቼ በመስኮት እያዩኝ፣ ብስክሌቴን አጥር ላይ ጥዬ ወደ መንገዱ ሮጥኩ።

"ጋሼ!" ብዬ ጮህኩ። "ዳር ዳሩን! ኧረ ዳር ዳሩን ይሂዱ!"