የጋሽ ሰይዶ ሁለት ሰማይ

በየሰፈሩ ሰማይን በግሉ የተረከበ አንድ ሰው አይጠፋም። ማንም አልመረጠውም፤ ደመወዝም የለውም። ግን ደመና ባንዣበበ ቁጥር ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው ሰማዩን ሳይሆን የሱን ፊት ነው። ቡታጅራ ውስጥ፣ ከበርበሬ ተራው ጀርባ ባለው ሰፈር፣ ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት በርበሬ ነጋዴው ጋሽ ሰይዶ ነበሩ። ሙሉ ማዕረጋቸው፣ ሚስታቸው ዘይባ እንደምትለው ከሆነ፣ "የዘቢዳር ተራራ ቃል አቀባይ፣ የነፋስ ጉዳይ ኃላፊና የቁርጥማት ምክትል ሥራ አስኪያጅ" ነው። ከሰፈሩ ሰው ሁሉ "አንተ" የምትላቸው ዘይባ ብቻ ስለነበረች፣ እንዲህ ብላ የመቀለድ መብቱም የሷ ብቻ ነበር።

መሣሪያቸው ሁለት ነው፤ አንዱ ተራራው፣ አንዱ ግራ ጉልበታቸው። ከንጋቱ የሱብሂ ሶላት ሲመለሱ በር ላይ ቆም ይሉና ዘቢዳርን ሽቅብ ያያሉ። ጉልበታቸውን አንድ ሁለቴ አጠፍ ዘርጋ ያደርጋሉ። ከዚያ ፍርድ ይሰጣሉ።

"ዛሬ ጠብ አይልም። ቀኑን ያዙልኝ!"

ሰዉም ቀኑን ይይዝላቸዋል። ጎረቤታቸው ሳሌሃ ልጇን የዳረች ዕለት ይዛላቸው ነበር። "ለሸራ ኪራይ ምን አስጨነቀሽ? ዳሱን ቅጠል አልብሺው፣ ይበቃል" አሏት። ሰርገኛው እጁን ታጥቦ ሲቀመጥ ሰማዩ ተቀደደ። ሚዜዎቹ ሙሽሪትን ፍራሽ አልብሰው ሲሮጡ፣ ሽማግሌዎቹ ትሪ ራሳቸው ላይ ደፍተው ሲሯሯጡ፣ ጋሽ ሰይዶ ጫማቸውን በእጃቸው እንደያዙ፣ ጎርፉ ቁርጭምጭሚታቸውን እያለፈ፣ "ይሄ እኮ ዝናብ አይደለም፤ ካፊያ ነው" አሉ። ይዘንባል ብለው ሲቀር ደግሞ መልሳቸው አንድ ነው፤ "ዘንቧል፤ ኢንሴኖ ላይ ነው የጣለው።" ኢንሴኖ ድረስ ሄዶ የሚያጣራ ስለማይኖር ክርክሩ እዚያው ያበቃል። ዘመኑ የግምገማ ዘመን ነበር። የቀበሌው ሊቀመንበር እንኳ ሕዝብ ፊት ቆሞ "ድክመቶች አሉብኝ" እያለ ግለ ሂስ ያደርግ ነበር። ጋሽ ሰይዶ ግን በሠላሳ ዓመት ውስጥ ስለ አንዲት ጠብታ እንኳ ግለ ሂስ አላደረጉም።

ዘይባ የራሷ ዘዴ ነበራት። ባሏ "አይዘንብም" ካሉ የተሰጣውን በርበሬ ሸራ ታለብሳለች፤ "ይዘንባል" ካሉ ገልጣ ታሰጣለች። የዚያ ቤት በርበሬ ሻግቶ አያውቅም። ገበያው ይህን የጋሽ ሰይዶ ጥበብ አድርጎ ሲያወራ ዘይባ ሰምታ ዝም ትላለች።

ጣጣው የመጣው ሁለተኛ ሰማይ ሲጨመርባቸው ነው። አንድ ልጃቸው ባሂራ ከባሏ ከራምዚ ጋር አውስትራሊያ፣ ሜልቦርን የሚባል ከተማ ገባች። ሞባይል ቡታጅራ ከደረሰ ብዙም አልቆየም ነበርና፣ ጋሽ ሰይዶ ስልካቸውን በኮታቸው የውስጥ ኪስ ደብቀው ይይዛሉ፤ ልጃቸው ስትደውል ገና "አሰላሙ አለይኩም" ሳይባባሉ፣ "ሰማዩ እንዴት ነው?" ይላሉ። ባሂራ ሐምሌ ላይ "ብርዱ ሊገድለን ነው" ስትላቸው ደስ አላቸው። ሐምሌ ነዋ! ዓለም ሥርዓቷን አልሳተችም። ኅዳር ላይ ናጃህ የምትባል የልጅ ልጅ ስትወለድላቸው፣ ለታኅሣሥ ውርጭ ብለው አንድ ወፍራም ጋቢና የሱፍ ቆብ በመንገደኛ ላኩ።

ጋቢው የደረሰ ሳምንት ባሂራ ደወለች። "አባ፣ በሙቀት አለቅን። ሠላሳ ስምንት ዲግሪ ገባ።"

"በታኅሣሥ?" አሉ ጋሽ ሰይዶ። "በጋ መሆኑንስ በጋ ነው። ግን የታኅሣሥ በጋ ውርጭ እንጂ ሙቀት ከየት ያመጣል? ልጅቷን ሸፍኛት።"

ነገሩ እንቅልፍ ነሳቸውና ጂኦግራፊ የሚያስተምረው መምህር ካሳሁን ቤት ሄዱ። ካሳሁን ብርቱካን አነሳ፤ አጋድሎ ያዘው፤ ክብሪት ለኮሰና ፀሐይ አደረገው። "አውስትራሊያ እዚህ ታች ናት። ታኅሣሥና ጥር ፀሐይዋ ወደሷ ታዘነብላለች" አለ።

"ሌሎቹ ፈረንጆችስ?"

"እነሱ ያኔ በረዶ ውስጥ ናቸው።"

"ስለዚህ አውስትራሊያ ፈረንጆቹን ትታ በኛ በጋ ነው የምትሄደው!"

"እንደዚያ ማለት እንኳ…" ብሎ ካሳሁን ጀመረ። ጋሽ ሰይዶ ግን አውስትራሊያን ልጠው በልተው እየወጡ ነበር። በማግስቱ በርበሬ ተራ ላይ ቆመው ትምህርቱን ራሳቸው እንደደረሱበት አድርገው አስተማሩ። "መሬት ትንሽ ዘመም ብላለች፤ ማንም እንዳይደነግጥ" አሉ።

ሜልቦርን ግን በብርቱካንም የምትገባ አልነበረችም። ራምዚ ጠዋት በካፖርት ወጥቶ፣ ቀትር ላይ ሸሚዙ ከጀርባው ተጣብቆ፣ ከሰዓት በረዶ እንደ ሽንብራ እያረገፈበት ቤቱ የገባበት ቀን ነበር። "እዚህ ሰው ጃንጥላና የፀሐይ መነጽር አንድ ላይ ነው የሚይዘው" ባሂራ ስትላቸው፣ ጋሽ ሰይዶ ራሳቸውን ነቀነቁ። "አሳዳጊ የበደለው ሰማይ" አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዘቢዳርን ማየት ቀነሱ። ከወልቂጤ በርበሬ ሊጭን የመጣ ነጋዴ ዋጋ ሲጠይቃቸው፣ "ሜልቦርን ዛሬ ደመናማ ነው" ብለው ይመልሱለት ጀመር።

ጥር አጋማሽ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ገደማ፣ ስልኩ ጮኸ። እዚህ ጠዋት ሲሆን እዚያ ከሰዓት በኋላ ነው። ጋሽ ሰይዶ ዘይባም እንድትሰማ ድምፁን ከፍ አደረጉት።

"አባ" አለች ባሂራ። ከጀርባዋ ሕፃኗ ታለቅሳለች።

"ምን ሆንሽ?"

"ሦስተኛ ቀናችን ነው። አርባ አራት ገብቷል። አሁን ደግሞ መብራት ጠፋ፤ ቬንትሌተሩም ቆመ። ራምዚ ሥራ ነው ያለው። ባቡሩ በሙቀቱ ምክንያት ስለቆመ በእግሩ እየመጣ ነው። ናጃህ ፊቷ ፍም መስሏል፣ አባ። ብቻዬን ነኝ።"

"ትጠባለች?" አለች ዘይባ ጣልቃ ገብታ።

"ትጠባለች፣ እማ። ነርሷን በስልክ ጠይቄያታለሁ። ቶሎ ቶሎ አጥቢያት፣ በእርጥብ ጨርቅ አብሺያት፣ ከፈዘዘችና ጡት እንቢ ካለች ግን አምቡላንስ ጥሪ ብላኛለች።"

ዘይባ ባሏ ስለ ተራራውና ስለ ጉልበታቸው ሊጀምሩ ነው ብላ ጠበቀች። ጋሽ ሰይዶ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ወጣት ሳሉ አሰብ ወደብ ላይ ሁለት ዓመት በሱቅ ሠርተዋል፤ ሙቀት የሚባለውን ነገር ያውቁታል።

"መስኮቱ ክፍት ነው?"

"ክፍት ነው። የሚገባው ግን እሳት ነው።"

"እንግዲያው ዝጊው። ውጪው ከቤቱ ሲብስ ይዘጋል። መጋረጃውንም ሳቢው። ከቤቱ ቀዝቃዛው ወለል የቱ ነው?"

"መታጠቢያ ቤቱ። ሴራሚክ ነው።"

"እዚያ ነጠላ አርጥበሽ አንጥፊና ልጅቷን ይዘሽ ቁጭ በይ። ጋቢውስ?"

"የቱ ጋቢ?"

"የላክሁልሽ ነዋ!"

"ሻንጣ ውስጥ ነው፣ አባ። አንድም ቀን አላወጣሁትም።"

ሌላ ቀን ቢሆን ይህ የአንድ ሳምንት ኩርፊያ ነበር።

"ጎሽ፤ አልቆሸሸም ማለት ነው" አሉ ጋሽ ሰይዶ። "ውኃ ንከሪውና በሩ ላይ ስቀይው። ወፍራም ስለሆነ ቶሎ አይደርቅም።"

ውኃ ሲንቧቧ ተሰማ። ዕቃ ወደቀ። የሕፃኗ ልቅሶ ቀስ በቀስ ወደ ሲቃ ወረደ። ሕፃኗ ዝም ስትል ደግሞ እናትየው ጀመረች።

"አባ፣ መቼ ነው የሚያበቃው? ትናንት ያበቃል አሉ፤ ዛሬ ባሰበት። ምን ልሁን ብዬ ነው እዚህ የመጣሁት?"

ጋሽ ሰይዶ ስልኩን ይዘው ወደ ግቢው ወጡ። ዘይባ ተከተለቻቸው። እንደ ልማዳቸው ቀና ብለው ዘቢዳርን አዩ፤ ተራራው በጥር ፀሐይ ጥርት ብሎ ቆሟል። ከሱ የሚነበብ አንዳች ነገር አልነበረም።

"ባሕሩ በየት በኩል ነው?" አሉ።

"በደቡብ።"

"ነፋሱስ?"

"ከሰሜን፣ ከበረሃው።"

"በጄ። አሁን ስሚኝ፣ ልጄ። በረሃ እንዲህ ሲተነፍስ ባሕር ሳይመልስለት አያድርም። ከመግሪብ በፊት፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ነፋሱ ይዞራል። ሲዞር ቀዝቃዛ ነው፤ ያኔ መስኮቱን በሙሉ ክፈቺው።"

"በእርግጥ፣ አባ?"

"ቀኑን ያዢልኝ።"

ባሂራ አፍንጫዋን ሳበች። በለቅሶዋ መሐል ትንሽ ሳቅ ሾልኮ ወጣ። "እሺ፣ ይዣለሁ" አለች። ወዲያው የስልክ ካርዷ አለቀና መስመሩ ተቋረጠ።

ጋሽ ሰይዶ ገበያ አልሄዱም። በርበሬ የሞላ ጆንያ ላይ ተቀምጠው፣ ስልኩን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ መቁጠሪያቸውን ይገፉ ጀመር። ሁለት ሰዓት ሆነ። ሳሌሃ ልብስ የሞላ ሳፋ ታቅፋ በአጥሩ በኩል ብቅ አለች።

"ጋሽ ሰይዶ፣ ልብስ ላጥብ ነበር። ዛሬ እንዴት ነው?"

"እኔ እንጃ" አሉ።

ሳሌሃ ሳፋዋን መሬት ላይ አስቀመጠችና ወደ ዘይባ ሮጠች። "ምነው፣ አመማቸው እንዴ?" ወሬው እስከ በርበሬ ተራው ለመድረስ ሩብ ሰዓት አልፈጀበትም። ጋሽ ሰይዶ "እኔ እንጃ" አሉ! ሰው ሥራውን እየተወ መጣ። ነገሩን ከዘይባ ሲሰማ ጫማውን አውልቆ፣ ድምፁን ቀንሶ፣ ግቢው ውስጥ ተቀመጠ። መምህር ካሳሁን መጣና ከጆንያው አጠገብ ቁጭ አለ፤ እሱም በበኩሉ በልቡ ጸለየ። ሦስት ሰዓት ሆነ። አራት ሰዓት ሆነ። ቡታጅራ ላይ ደስ የሚል ነፋሻ አየር ነበር፤ የተሰበሰበው ሰው ግን ያልበዋል።

ለአምስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል ስልኩ ጮኸ።

መጀመሪያ የተሰማው ቃል አልነበረም። በር ድርግም ሲል፣ አንድ ነገር ሲሰበር፣ ከዚያ ነፋስ ሲያፏጭ ተሰማ።

"አባ! እየሰሙ ነው? ዞረ! ነፋሱ ዞረ! በግማሽ ሰዓት ሃያ ዲግሪ ወረደ! አሁን ደግሞ ዝናብ ጀመረ። ጎረቤቶቻችን በሙሉ በረንዳ ላይ ወጥተው ያጨበጭባሉ፤ እዚህ ሕንፃ ላይ እስከ ዛሬ ሰላም የማይሉን ሰዎች እኮ ናቸው! ራምዚም ገባ። ናጃህ ጠብታ ተኛች!"

ራምዚ ስልኩን ነጠቃት። "ጋሼ፣ እዚህ የአየር ትንበያ ቢሮ ሥራ ላፈላልግልዎት?"

ሳሌሃ እልልታዋን አቀለጠችው። ጋሽ ሰይዶ ከጆንያው ላይ ሲነሱ ጉልበታቸው ቋ አለ። አንገታቸው ቀና፣ ትከሻቸው ሰፋ አለ። በጠዋቱ የጠፋው ሰውዬ በአንዴ ተመልሶ መጣ።

"ምን ብዬ ነበር? ከቡታጅራ ሆኜ ምን ብዬ ነበር? አሁን ግን ልጅቷን ሸፍኗት፤ ብርድ ይመታታል!"

"በምን እንሸፍናት፣ አባ? ጋቢው እርጥብ ነው!" አለች ባሂራ። በሁለቱም አገር ሳቅ ሆነ።

ያን ቀን ጋሽ ሰይዶ ታሪኩን ስንት ጊዜ እንደተናገሩት የሚያውቅ የለም። ለአሱር ሶላት ሲሄዱ አርባ አራት የነበረው ሙቀት፣ ሲመለሱ ሃምሳ ሁለት ደርሶ ነበር። ሰዉ ሁሉ ወደየቤቱ ከሄደ በኋላ ባልና ሚስት ግቢያቸው ውስጥ ጎንበስ ብለው የተሰጣውን በርበሬ ማገላበጥ ጀመሩ።

"እንዴት አወቅህ?" አለች ዘይባ።

አንድ ረድፍ አገላብጠው ጨረሱ።

"አላወቅሁም።"

"ምን?"

"አላወቅሁም አልኩሽ። የዚያ አገር ነፋስ መቼ እንደሚዞር እኔ በምን አውቃለሁ? አሰብ እያለሁ እንኳ ባሕሩ አንዳንዴ ሳምንት ሙሉ ዝም ይል ነበር። ታዲያ ልጄ ስታለቅስ 'አላህ ያውቃል' ብዬ ስልክ ልዝጋባት? እሱንማ በሆዴ ብያለሁ።"

"መግሪብ ደርሶ ባይዞርስ?"

"እስከ ኢሻ እላት ነበር።"

"በኢሻስ ባይዞር?"

"እስከ ሱብሂ።" አንድ የተሰነጠቀ በርበሬ አንስተው በጣታቸው አሹት። "እስኪዞር ድረስ እየጨመርኩላት እሄዳለኋ። ብቻዋን ትጠብቀው?"

ዘይባ ባሏን አየቻቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሸራዋ ስታርማቸው የኖረች ሴት፣ አሁን የምታርመው ነገር አጣች። ሻሿን ያለ ምክንያት ፈትታ መልሳ አሰረች።

ሳሌሃ ከአጥሩ ማዶ አንገቷን አሰገገች። "እትዬ ዘይባ፣ እውነት ጋሽ ሰይዶ አውቀውት ነው? መምህር ካሳሁን አጋጣሚ ነው እያለ ነው።"

ዘይባ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቀና አለች።

"ከመግሪብ በፊት ይዞራል አላት፤ ከመግሪብ በፊት ዞረ። ሌላ ምን ማስረጃ ትፈልጊያለሽ?"

ጀርባቸውን ሰጥተው በርበሬ የሚለቅሙት ሽማግሌ እጃቸውን ከበርበሬው አላነሱም። ትከሻቸው ግን በሳቅ ይርገበገብ ነበር።