ቀስቃሹ የባትሪ ድንጋይ

አንዳንድ የአማርኛ ቃል ደሞዙ እንዳልበቃው መምህር ሁለት ቦታ ተቀጥሮ ይሠራል። መምህር ስለነበርኩ አውቀዋለሁ። ጠዋት ክፍል ውስጥ ሰላማዊ ሆኖ የዋለው ቃል፣ ከሰዓት ሌላ ቦታ ተገኝቶ ሰው ያሳስራል። ካላመናችሁኝ «ቀስቃሽ» የሚለውን ውሰዱ።

ሰበታ ባዮሎጂ ሳስተምር ጎረቤቴ ዶክተር ገለታ ነበሩ። ሐኪም እንዳይመስሏችሁ። በነርቭ ውስጥ መልእክት እንዴት እንደሚሄድ ሲመራመሩ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ወደ ትውልድ ቀያቸው የተመለሱ ሰው ናቸው። ሰፈሩ ግን «የነርቭ ዶክተር» ሲባል ሰምቶ፣ እንቅልፍ ያጣ አማቱንና የሚነጫነጭ አጎቱን እየጎተተ ይመጣባቸዋል። እሳቸው ማንንም አይመልሱም። ሻይ ያጠጣሉ፣ የእንቁራሪት እግር በኤሌክትሪክ ሲነካ እንዴት እንደሚፈናጠር ያሳያሉ፣ ይሸኛሉ። የሚገርመው አንዳንዱ ይሻለዋል! ያ ግቢ፣ ያ ሻይ፣ ያ ሳቅ ዛሬም ይናፍቀኛል።

አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ ያሰፋል የተባለው የማስተር ፕላን ነገር የተነሳ ጊዜ ግን ሳቅ ጠፋ። ወጣቱ ለተቃውሞ ይወጣል፣ መንገድ ይዘጋል፣ ትምህርት ይቋረጣል፣ የቡራዩን ወሬ ሰምተን ሳንጨርስ የሱሉልታው ይደርሳል። አንድ ቀን ለቅሶ ድንኳን ውስጥ «ልጆቹን እንዲህ ባንዴ ምን ነካቸው?» የሚል ክርክር ተጀመረ። ዶክተር ሆዬ ጥያቄው የሳይንስ መሰላቸው።

«አንዲት የነርቭ ክር በደካማ ቀስቃሽ አትነሳም» አሉ። «ቀስቃሹ ልኩ ላይ ሲደርስ ግን ሙሉ በሙሉ ትነሳለች። ግማሽ መነሳት ብሎ ነገር የለም።»

ጆሮ ያለው ሰምቶ ኖሮ፣ በማግስቱ ፖሊስ ጣቢያ ወሰዷቸው።

በዚያ ሰሞን የገባ ቶሎ አይወጣም፤ እሳቸው ደግሞ ልባቸውን ያማቸዋል። እዚያ ቢያድሩ የምናገኛቸው በሕይወት መሆኑን እንጃ። ስለዚህ ከኦቦ ዲንሳ ጋር እየሮጥን ሄድን። ኦቦ ዲንሳ ገበሬ ናቸው፤ የዶክተር እንቁራሪቶች የሚያዙት ከእሳቸው ማሳ ዳር ካለው ረግረግ ነበር። ዛሬ እዚያ መጋዘን ቆሟል።

የጣቢያው ወጣት ኃላፊ እስክንቀመጥ እንኳ አልጠበቀም። «አምነዋል!» አለን። «ቀስቃሹ ማነው ስንላቸው ‹ድንጋይ ነው፣ ቤቴ ሞልቷል› ብለዋል።»

«የባትሪ ድንጋይ!» አሉ ዶክተር ከጥግ። «የባትሪ ድንጋይ ነው ያልኩህ!»

ሳቄ መጣ፣ ፍርሃቴ መለሰው። ኦቦ ዲንሳ ወጥተው ሄዱና የባትሪ ድንጋዮቹን ከነሽቦአቸው፣ አንዲት እንቁራሪትንም በባልዲ ይዘው ተመለሱ።

«ይቺ ራቻ ምስክር ናት፣ የኔው ማሳ ልጅ ነች። ዋቅኒ ቤካ፣ እሱ ፈጣሪ ያውቃል!» ብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጧት።

ዶክተር እስረኛ መሆናቸውን ረሱ። በአንድ ድንጋይ ነኳት፤ ዝም። ሌላ ጨመሩ፤ ዝም። ደግመው ሲጨምሩ እግሯ ተፈናጠረ፣ አጠገቧ የቆመው ፖሊስም አብሮ ተፈናጠረ። ጣቢያው በሳቅ ተናጋ፤ ኃላፊውም ሳቀ።

«ወዲያው ደግመው ቢነኳትስ?» አላቸው።

«ነርቯ ለአፍታ አይሰማም። ከዓይን ጥቅሻ ያነሰች አፍታ ናት። ከዚያ እንደገና ይነሳል።»

ኃላፊው ሳቁን ተወ። ሲያዩት ለሳምንታት ያልተኛ ሰው ነው፣ አሳዘነኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ያቺን አፍታ ማስረዘም አይቻልም?» ብሎ ጠየቃቸው።

«ይቻላል ልጄ» አሉ ዶክተር፣ እንቁራሪቷን ወደ ባልዲዋ እየመለሱ። «የሚያስረዝም መርዝ አለ። ጸጥ ትልልሃለች፤ ግን አትተነፍስም።»

ኃላፊው ተነስቶ በሩን ራሱ ከፈተልን። ዶክተርን ለቀቀ፣ እንቁራሪቷንም ለቀቀ።

ድንጋዮቹን ግን አስቀራቸው። ምን ይታወቃል።